ምስጋና በማኅሌትና በማሳ

በአገራችን ሰው ከሰው ጋር ሲገናኝ ከሰላምታው ጋር አብሮ የሚሰማው የእግዚአብሔር ስም ነው። «እንዴት አደሩ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ይባላል። «ልጆቹስ ደኅና ናቸውን? ከብቱስ? አዝመራውስ?» ተብሎ ቢጠየቅም መልሱ ያው ነው። በጎጃም ደጋ ሁለት ሽማግሌዎች በመንገድ ላይ ቢገናኙ፥ አንዱ አንዱን አልፎት እስኪሄድ ድረስ ይህ ቃል በመካከላቸው አምስትም ስድስትም ጊዜ ይመላለሳል። በሬው የሞተበት ሰው እንኳ በመጀመሪያ ይህን ይናገራል፤ የበሬውን ነገር የሚያነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ቋንቋችንን የማያውቅ እንግዳ ቢመጣና ቃሉን ቢተረጕሙለት፥ ይህ ሕዝብ በመንገድም በገበያም በጸሎት ላይ ያለ መስሎ ይታየዋል።

ይህን ልማድ ያወረሱን አባቶቻችን ታላቅ ነገር ሠርተዋል። ስለ ጤንነታችን፥ ስለ ቤታችንና ስለ ከብታችን ስንናገር ሰጪውን ሳንጠራ እንዳናልፍ በንግግራችን ደጃፍ ላይ በር ጠባቂ አቁመውልናል። ስለዚህ አንዳንድ ተማርን የሚሉ ሰዎች እንደሚያደርጉት «ልማድ ብቻ ነው» ብለን ልንንቀው አይገባንም። ነገር ግን ብዙ እጅ የዳሰሰው ጠገራ ብር ምስሉ እየደበዘዘ እንደሚሄድ፥ ብዙ አፍ የተመላለሰበት ቃልም ትርጓሜው እየደበዘዘ ይሄዳልና፥ በቀን ውስጥ ይህን ያህል ጊዜ የምንናገረው ነገር ምን እንደ ሆነ መመርመር ተገቢ ነው።

በመጀመሪያ አነጋገሩን እንመልከት። «እግዚአብሔር ይመስገን» ስንል ስለ እግዚአብሔር ለሰው እየተናገርን ነው። «ተመስገን» ስንል ግን የምንናገረው ለራሱ ለእግዚአብሔር ነው። በቃሉ ላይ የተለወጠው አንድ ፊደል ሲሆን፥ የሚነጋገሩት ግን ከሌላ ጋር ነው። ስለ አንድ ጌታ ደግነት በጎረቤት ፊት ማውራት መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ቀኑን ሙሉ ስለ እርሱ እያወራን አንድ ጊዜ እንኳ ፊታችንን ወደ እርሱ ሳንመልስ ብንውል፥ ምስጋናችን ወሬ ሆኖ ይቀራል። ደግሞም ይህን ልብ በሉ፤ አባትን፥ መምህርንና ሹምን «እርስዎ» የምንል ሰዎች እግዚአብሔርን «አንተ» እንለዋለን። ይህም ስለ ቅርበቱ ነው እንጂ ከድፍረት የመጣ አይደለም። እንዲህ የቀረበንን አምላክ በሰላምታ መካከል በሩቁ ጠርቶ ማለፍ እንዴት ይበቃል?

ግእዙ በዚህ ነገር ከአማርኛው ይልቅ ሰፊ ነው። አማርኛ «ምስጋና» በሚል በአንድ ቃል የሚጠቀልለውን ግእዝ በብዙ ቃል ይለየዋል። ስብሐት ስለ ራሱ ስለ እግዚአብሔር ክብር የሚቀርብ ነው፤ ምንም እንኳ የተቀበልነው ስጦታ ባይታየን ስብሐት አይቀርም። አኰቴት ስለ ተደረገልን ቸርነት የምንመልሰው ነው፤ በቅዳሴያችንም ጸሎተ አኰቴት የሚደርሰው እግዚአብሔር ስለ ጠበቀን፥ ስለ ረዳንና እስከዚያች ሰዓት ስላደረሰን ነው። ውዳሴ መልካምነትን እየዘረዘሩ ማወደስ ነው፤ ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ በየቀኑ የሚደገመው በዚህ ስም ነው። መዝሙርና ማኅሌት በዜማ የሚቀርበው ነው። ዛሬ ልንቆይበት የምንወድደው ግን ከእነዚህ ሌላ ነው፤ ይኸውም ቅኔ የተባለው ቃል ነው።

ቅኔ ሲነሣ ደብረ ኤልያስን አለማንሣት አይቻልም። ደብረ ኤልያስ በምሥራቅ ጎጃም ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ የምትገኝ ስትሆን፥ ወረዳዋ በደቡብ በኩል እስከ ዓባይ ይደርሳል። ስሟን ያገኘችው ከነቢዩ ከኤልያስ ነው፤ በአገሩ የታወቀችው ደግሞ በቅኔ ትምህርት ነው። ባለቅኔውና የቴአትር ደራሲው ዮፍታሔ ንጉሤ የተወለዱት በዚያ ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። ስለዚህ ቅኔ ምን ማለት እንደ ሆነ ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ብዙ ሰው ቅኔን የሚያውቀው በሰሙና በወርቁ፥ ማለት በምስጢሩ ረቂቅነት ነው። የቃሉ ሥር ግን ወደ ሌላ ይመራናል። ቀነየ ማለት ገዛ ማለት ነው፤ ተቀንየ ማለት ደግሞ ተገዛ፥ አገለገለ ማለት ነው። «ቅኝ ግዛት» የሚለው ቃል እንኳ ከዚሁ ቤት የተወለደ ነው። እንግዲህ ቅኔ በአንድ ወገን መገዛትና አገልግሎት፥ በሌላ ወገን ባለቅኔው ለአምላኩ የሚያቀርበው ድርሰት ይሆናል። ቅዱስ ዳዊትም በ99ኛው መዝሙሩ ምድር ሁሉ ለእግዚአብሔር እልል እንድትል ከጠራ በኋላ፥ ወዲያው ያስከተለው በደስታ እንድንገዛለት ነው፤ በግእዙ ለመገዛት የተነገረው ቃል ከቅኔ ጋር የአንድ ሥር ቅርንጫፍ ነው። አባቶች ድርሰቱንና አገልጋይነቱን በአንድ ስም ሲጠሩ ሌላ ቃል ጠፍቷቸው አልነበረም። የማይገዛ ሰው የሚያቀርበው ምስጋና በእነርሱ ዘንድ ገና ቅኔ አልሆነም።

ይህ በቅኔ ቤት በዓይን የሚታይ ነገር ነው። ተማሪው ከሩቅ አገር ዘመዶቹን ትቶ ይመጣል። ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ በትሩን ይዞ ከመንደር መንደር ይዞራል። በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲቆም የሚቀድመው የውሻ ጩኸት ነው። ያገኘውን ቍራሽ ይዞ ወደ ጎጆው ተመልሶ፥ ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተጠግቶ ቅኔውን ይቆጥራል። በሁለት ቤት ከሚያልቀው ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ያን ሁሉ ደክሞ ያበጀውን መምህሩ በአንድ ቃል ያፈርሱበታል፤ እርሱም እጅ ነሥቶ እንደገና ይጀምራል። ከምስጋናው በፊት መገዛቱን ተምሯል ማለት ይህ ነው።

ሌላም የሚያስደንቅ ሥርዓት በዚህ ትምህርት ውስጥ አለ። ቅኔ አይደገምም። ባለፈው በዓል በማኅሌት የቀረበውን ቅኔ፥ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን፥ ለዛሬው በዓል አምጥቶ እንደ አዲስ የሚያቀርብ ባለቅኔ በሊቃውንቱ ፊት ያፍራል። ለዕለቱ የሚቀርበው ለዕለቱ የተቆጠረ መሆን አለበት። በ95ኛው መዝሙር ለእግዚአብሔር አዲስ ምስጋና እንድናቀርብ የታዘዘው ትእዛዝ በሌላው ዓለም ምክር ሆኖ ሲነበብ፥ በእኛ ቅኔ ቤት የሥራ ሕግ ሆኖ ይኖራል ብንል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ ምእመን ሆይ፥ ቅኔ የማትቆጥረው አንተም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለህም። ትናንት «ተመስገን» ያልህበት ነገር የትናንት ነው። ዛሬስ? ሌሊት ታምሞ ሲያቃስት ያደረው ሕፃን ሲነጋ ቂጣ መጠየቁ፥ የተጣላህ ወንድምህ ዛሬ በመንገድ አይቶህ ፊቱን አለማዞሩ፥ ዝናሙ ጤፉ ሳይታጨድ አለመውረዱ፥ ይህን የመሰለ አንድ ነገር በየቀኑ አይጠፋም። ማታ ከመተኛትህ በፊት ያን አንዱን ነገር በስሙ ጠርተህ ለእግዚአብሔር ንገረው። በጅምላ የሚቀርብ ምስጋና በጅምላ እንደሚነገር ይቅርታ ነው፤ የበደሉትን ሳይጠሩ «ያስቀየምኩህ ነገር ካለ» እያሉ ማለፍ ያለ ነው። በደሉን በስሙ የሚጠራ ሰው ይቅርታ እንደ ጠየቀ፥ ቸርነቱንም በስሙ የሚጠራ ሰው እንዳመሰገነ ይታወቃል።

ወደ ተማሪው እንመለስ። ያ ተማሪ የሚቀኘው በማን እንጀራ ነው? ከደጇ ላይ ቆሞ ሲለምን ልጇን ከጀርባዋ አዝላ ከጓዳ ወጥታ ቍራሹን በአኮፋዳው የምትጨምር ሴት አለች። ፊደል ያልቆጠረች ልትሆን ትችላለች። እሑድ በቤተ ክርስቲያን በሴቶች መቆሚያ ሆና ያ ተማሪ መወድሱን ሲዘርፍ ብትሰማው፥ ግእዙ ስለማይገባት ሰሙም ወርቁም ያመልጣታል። ሊቃውንቱ «ይበል!» ሲሉ ግን እርሷ እልል ትላለች። በእውነቱ ያን መወድስ ያቀረበው ማን ነው? ተማሪው ቃሉን አቀረበ፤ እርሷ ደግሞ የቃሉን ስንቅ አቀረበች። አንዷ ባትኖር ሌላው በረኀብ ዝም ባለ ነበር። ቅኔ ማለት አገልግሎት ከሆነ ዘንድ የእርሷም ቍራሽ ቅኔ ነው፤ መምህር ሆነው የሚያርሙባትም የሉም። በዚህ አጋጣሚ፥ ከሊቃውንት ወገን ያልተማረውን ሕዝብ «ጨዋ» እያሉ የሚንቁ አንዳንዶች ይህን ቢያስቡት መልካም ነው፤ የበሉት የማንን እንደ ነበረ መርሳት ከሰዋስው ስሕተት የከፋ ስሕተት ነው።

የቦታይቱ ባለ ስም ነቢዩ ኤልያስም በእንደዚህ ያለች ሴት ቤት ኖሯል። ሦስት ዓመት ከስድስት ወር ዝናም በጠፋበት ዘመን እግዚአብሔር የላከው ወደ ንጉሥ ቤት ወይም ወደ ባለጸጋ ጎተራ አይደለም፤ በሲዶና አገር በሰራፕታ ወደምትኖር ወደ አንዲት መበለት ነው። ታሪኩ በአንደኛ መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 17 ተጽፏል። ነቢዩ ሲያገኛት እንጨት ትለቅም ነበር። በቤቷ የቀረው አንድ እፍኝ ዱቄትና በማሰሮ ያለ ጥቂት ዘይት ነው፤ ያንን ጋግራ ከልጇ ጋር ከበላች በኋላ ሞትን ልትጠብቅ ነበር። ነቢዩ ግን አስቀድማ ለእርሱ ትንሽ እንጐቻ እንድታመጣለት ለመናት። አደረገችውም። በዚያን ጊዜ ስትዘምር አልተሰማችም፤ መጽሐፉ ከአፏ የወጣ አንድ የምስጋና ቃል አይነግረንም። እንግዳዋን አስቀድማ እፍኙን ማቅረቧ ግን በእግዚአብሔር ፊት ምን ሆኖ እንደ ተቈጠረ ዱቄቱ ባለማለቁ ታወቀ።

እንግዲህ እንደ ሰራፕታዋ መበለት በአፍ ሳይነገር በእጅ የሚፈጸም ምስጋና እንዳለ ሁሉ፥ በአፍ ተነግሮ በእጅ የሚፈርስም አለ። ይህን አጥብቆ የተናገረው ነቢዩ አሞጽ ነው። አሞጽ ከእረኞች መካከል የተጠራ ሰው ነበረ፤ ስለ ማኅሌት ሲናገር ግን ሊቃውንትን የሚያስደነግጥ ነገር ተናግሯል። በምዕራፍ 5 እግዚአብሔር የዝማሬያቸውን ጩኸት ከፊቱ እንዲያርቁለት፥ የመሰንቋቸውንም ዜማ እንደማይሰማ፥ ይልቁንም ፍርድ እንደ ውኃ እንዲፈስስ እንደሚሻ ይናገራል። ምክንያቱንም በምዕራፍ 8 ይገልጠዋል፤ እነዚያ ሰዎች ሰንበትን እያከበሩ በልባቸው ግን ሰንበቱ መቼ አልፎ መስፈሪያውን አሳንሰን፥ ሚዛኑን አሳስተን እህል እንሸጣለን እያሉ ያስቡ ነበርና።

ይህ የጥንት ታሪክ ብቻ ቢሆን ምንኛ ደስ ባለን! ሌሊት በማኅሌት ጽናጽል ይዞ አድሮ ሲነጋ የወንድሙን ድንበር በአንድ ትልም የሚገፋ ሰው በየመንደሩ አለ። በየዓመቱ አንድ ትልም ብቻ ነው የሚወስደው፤ ስለዚህ ሌባ አይባልም። ሲገዛ በትልቁ ቁና፥ ሲሸጥ በትንሹ ቁና የሚሰፍር፥ በቅቤ ላይ ባዕድ ነገር፥ በበርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት የሚቀላቅል ነጋዴም ከሰላምታ ላይ «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለቱን አይተውም። «ገበያው እንዴት ነው?» ቢሉት የሚያመሰግነው ባታለለው መጠን ነው። በመሥሪያ ቤት ተቀምጦ ከሩቅ በእግሩ የመጣውን ድኻ በየቀኑ «ነገ ና» እያለ የሚያመላልሰውም ጸሐፊ ከዚህ አይርቅም። እንደዚህ ባለ ሰው አፍ የእግዚአብሔር ስም ሲጠራ የሚሰማው የተበደለው ወገን ምን ይሆናል? ያ ድንበሩ የተገፋበት ገበሬ በሚቀጥለው እሑድ ማኅሌቱን ሲሰማ በጆሮው የሚገባው ዜማ አይደለም፤ የገፊውን ድምፅ ለይቶ ይሰማል። ምስጋናን ለሌላው ሰው መራራ ማድረግ ከባድ ኃጢአት ነው። ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 መባውን ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ እንደ ተቀየመው ቢያስብ፥ መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ ያዘዘው ስለዚህ ነው። ድንበሩ ሳይመለስ ማኅሌቱ ቢቆይ ይሻላል ማለት ነው፤ ይህ ከአምላክ ዘንድ የመጣ ትእዛዝ ስለ ሆነ ልናለዝበው ሥልጣን የለንም።

እስካሁን የተነገረው ቀን ሲቀና ስለሚሆነው ነው። ቀን ሲከፋስ? ይህን ጥያቄ በርቀት የምናነሣው አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በግንቦት ወር በዚሁ በደብረ ኤልያስ ወረዳ በሥላሴ ገዳም አካባቢ ውጊያ ሆኖ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ከዚያው ዓመት ክረምት ጀምሮ ደግሞ ጦርነቱ በአማራ ክልል ተስፋፍቶ በብዙ ቤት ሐዘን ገብቷል። ልጇን የቀበረች እናት ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው «እንዴት ከረምሽ?» ቢላት ከልማድ የተነሣ «ተመስገን» ትል ይሆናል። ይህ ቃሏ እውነት ነውን? ወይስ ከፍርሃት የመጣ ነው? ወይስ ልቧ ሌላ እያለ አፏ ብቻ የተናገረው ነው?

አንዳንድ አጽናኞች ለዚህ ጥያቄ ፈጥነው ይመልሳሉ፤ «አልቅሰሽ እግዚአብሔርን አታሳዝኚ፥ አመስግኚ እንጂ» ይላሉ። እንዲህ የሚሉ ሰዎች የሰራፕታዋን ታሪክ እስከ ፍጻሜው ያነበቡ አይመስልም። ዱቄቱ ከበዛ በኋላ የመበለቲቱ ልጅ ታምሞ ሞተ። ያች በእጇ ያመሰገነች ሴት በዚያን ጊዜ ነቢዩን በብርቱ ቃል ወቀሰችው፤ ኃጢአቴን ልታሳስብና ልጄን ልትገድል ነውን የመጣህ የሚል ወቀሳ ነበረ። ኤልያስ ምን መለሰላት? አልገሠጻትም፤ ስለ ተሰጣት ዱቄት እንድታመሰግንም አላስታወሳትም። ልጇን እንድትሰጠው ብቻ ጠየቃት። ከእቅፏም ተቀብሎ ወደ ተኛበት ሰገነት ይዞት ወጣ፤ በዚያም ሆኖ የእርሷን ወቀሳ የራሱ አድርጎ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ። ሐዘንተኛይቱ ማለት ያልቻለችውን ጸሎት ነቢዩ በእርሷ ፈንታ ጸለየላት። ልጁም ሕያው ሆኖ ለእናቱ ተመለሰ።

መዝሙረ ዳዊትም በዚህ ነገር ምስክር ነው። ቤተ ክርስቲያን 150ውን መዝሙር በሙሉ የምስጋና መጽሐፍ አድርጋ ትደግማለች፤ ከውስጡ ግን ብዙው ልቅሶና አቤቱታ ነው። ይልቁንም በእኛ ቍጥር 87ኛው መዝሙር በጨለማ ተጀምሮ በጨለማ የሚያልቅ ነው፤ እንደ ሌሎቹ በመጨረሻው ላይ ወደ ደስታ አይመለስም። አባቶች ግን ከመጽሐፉ አላወጡትም። በእግዚአብሔር ፊት የሚለቀስ ልቅሶ ፊትን ወደ እርሱ መልሶ የሚለቀስ ስለ ሆነ ከምስጋና ቤት አይወጣምና። እርግጥ ነው፥ የቍስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳሳት ዮሐንስ አፈ ወርቅ በግዞት ሲነዳ በ407 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በመንገድ ላይ ሲያርፍ፥ ስለ ሁሉ ነገር እግዚአብሔርን እያመሰገነ ዐርፏል። ይህ የቅዱሳን ከፍታ ነው። ነገር ግን ዮሐንስ ያን ቃል የተናገረው ስለ ራሱ መከራ ነው፤ በሌላ ሰው ሐዘን ላይ ጫኖ አልተናገረውም። የራስን መከራ ተሸክሞ ማመስገን ቅድስና ሲሆን፥ ሌላውን በመከራው ላይ አመስግን ብሎ ማስገደድ ግን ጭካኔ ነው።

የሕዝባችን አነጋገር በዚህ ረገድ ከአንዳንድ ሰባክያን ይልቅ ጠቢብ ነው። በሰላምታ ጊዜ ሁሉን «ይመስገን» የሚል ሰው ለቅሶ ቤት ሲገባ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ይላል እንጂ «አመስግኑ» አይልም። ጎረቤትም ለቅሶ ሲደርስ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ሴቶቹ እዝን ይዘው ይመጣሉ። ሐዘንተኛው ምንም መቅመስ ሳይችል ሲቀር እነርሱ በእጃቸው ያጐርሱታል። በዚያች ሰዓት በዚያ ቤት ያለው ምስጋና ይህ ነው። ሐዘንተኛው ሊያቀርበው ያልቻለውን ጎረቤት በሞሰብ ተሸክሞ ያቀርብለታል።

እግዚአብሔር ራሱ ለኤልያስ ያደረገለት ከዚህ ጋር አንድ ነው። ከቀርሜሎስ ተራራ በኋላ፥ ኤልዛቤል ልትገድለው በዛተች ጊዜ፥ ያ ታላቅ ነቢይ ወደ ምድረ በዳ ሸሽቶ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠና ሞትን ለመነ። በምዕራፍ 19 እንደ ተጻፈው በዚያን ጊዜ አልተገሠጸም፤ «ትናንት እሳት ከሰማይ አውርጄልህ ዛሬ እንዴት እንዲህ ትላለህ?» ተብሎ አልተወቀሰም። እንቅልፍ ተሰጠው። መልአክ ቀሰቀሰውና በራሱ አጠገብ የተጋገረ እንጐቻና ውኃ አሳየው። በልቶ እንደገና ተኛ፤ እንደገናም ተቀስቅሶ በላ። በአጠገባችሁ ከመከራ ብዛት ዝም ያለ ሰው ቢኖር፥ ከምክር በፊት የሚያስፈልገው ምን እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ስለ ቤተ ሰብ ጥቂት እንበል። ማለዳ ወደ ሥራ ከመሰማራት በፊት አንድ ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ማድረስ፥ የሚችል የዕለቱን ውዳሴ ማርያም መድገም፥ ከማዕድ በፊትና በኋላ ማመስገን አዲስ ትምህርት ስላልሆነ አናበዛበትም። ልጆችን በተመለከተ ግን አንድ ነገር አለ። ልጅ «እግዚአብሔር ይመስገን በል» ሲባል ይላል፤ ይህ ቀላል ነው። አባት የተመዘነለት ገንዘብ በስሕተት በዝቶ ቢያገኘው ወደ ነጋዴው ሲመልስ ልጁ አብሮት ቢሆን፥ እናትም ለተማሪ የምትሰጠውን ቍራሽ በልጇ እጅ ብታስጨምር፥ ያ ልጅ ቃሉን ከነሥሩ ይማረዋል። ከዚያ በኋላ ቅኔ ቤት ቢገባ መልካም፤ ባይገባም ከቅኔ አልተለየም።

ገበሬውም «ጊዜ የለኝም፥ ከማኅሌት አልቆምም» ብሎ አይዘን። ኤልያስ ከዛፉ ሥር ተነሥቶ በዚያ እንጐቻ ኃይል 40 ቀንና 40 ሌሊት እስከ ኮሬብ ተጓዘ። በዚያም እግዚአብሔርን በነፋሱ፥ በምድር መናወጡና በእሳቱ ውስጥ አላገኘውም፤ ከዚያ በኋላ በመጣው በለሆሳስ ድምፅ ሰማው። የተነገረውም ወደ መጣበት እንዲመለስ ነበር፤ ከታዘዘውም አንዱ ኤልሳዕን በእርሱ ፈንታ ነቢይ እንዲሆን መቀባት ነው። ኤልሳዕን ያገኘው ከመቅደስ ወይም ከነቢያት ጉባኤ አይደለም። በእርሻ ላይ ነበረ፤ 12 ጥማድ በሬ እየተነዳ እርሱ ራሱ 12ኛውን ጥማድ ይዞ ያርስ ነበር። ነቢዩ ወደ እርሱ አለፈና መጐናጸፊያውን በትከሻው ላይ ጣለበት። ኤልሳዕም እጁን ከዕርፉ አንሥቶ አባቱንና እናቱን ተሰናበተ፤ ጥማዱን አርዶ፥ የበሬዎቹን ዕቃ እንጨት አንድዶ ሥጋውን ቀቀለ፤ ለሕዝቡም አበላ፤ ከዚያ በኋላ ኤልያስን ሊያገለግል ተከትሎት ሄደ።